መቀርቀሪያ የሌለው በር

ልጁን መጀመሪያ ያየሁት በገመድ ሲጎተት ነው። 1992 ዓ.ም.፣ መኸር ከገባ በኋላ፣ ከአያቴ ጋር ከሞጣ ቆላውን ወርደን ሰባራ ድልድይ ደርሰናል። በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች መሐሉን ሰብረውታል። ከዚያ ወዲህ ተሻጋሪው ወገቡን ታስሮ በዓባይ ላይ ይንጠለጠል ነበር፤ ወዲህና ወዲያ ማዶ የቆሙ ጎበዞች ይስቡት ነበር። ከአንዳቤት በኩል የመጣው ልጅ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። ሲሻገር አልጮኸም። ገመዱን የፈታለትን ሰውዬ ግን እጁን ነከሰው።

እናቱ የአያቴ የእህት ልጅ ነበረች። አሟሟቷን አይቷል። እሱን አልጽፈውም።

እኛ ቤት ከገባ በኋላ እንጀራ ከሌማት እያነሣ ጎታ ሥር ይደብቃል፤ ሻግቶ አይጥ ጠራብን። እህቴን በድንጋይ ፈነከታት፤ ጠባሳው ዛሬም ግንባሯ ላይ አለ። ማታ በሩ ሲቀረቀርማ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮኻል። ጎረቤቱ ግማሹ «ቡዳ በልቶታል»፣ ግማሹ «ዛር ነው» አለ። አያቴ ጠበል ወሰደችው። እዚያ «እንደሌሎቹ ይታሰር» ብለው ጠፍር ሲያነሡ፣ «ይኼን ልጅ የተቀበልኩት በገመድ ነው፤ ይበቃዋል» ብላ ይዛው ተመለሰች። ጠበሉን አልተወችም፤ በቅል እያስቀዳች ቤት ታጠጣው ነበር።

አልመታችውም አልልም። ሁለት ጊዜ መትታዋለች፤ ሁለቱንም ጊዜ ያለቀሰችው እሷ ናት። ማታ ማታ ኪሱ ውስጥ ቆሎ ትጨምርለታለች፤ እንጀራ መደበቁን የተወው ግን ከርሞ ነው። የበሩን መቀርቀሪያ ነቅላ ጣለችው። ጅብም ሌባም ባለበት አገር በሩን ገርበብ አድርጋ እሷ ደፉ ላይ ተኛች።

ተኛች ስል ለወጉ ነው። ዓመት ሊሞላ ሲል ዓይኗ ጎድጉዶ፣ ምጣድ ላይ ታንቀላፋ ጀመር። ያተረፈቻት ከቢቸና የመጣች ጠላ ሻጭ ጎረቤታችን ናት። ዓርብ ዓርብ ቁርበቷን ጠቅልላ ትመጣና ደፉ ላይ ትጋደማለች፤ አያቴ ጓዳ ገብታ እስኪነጋ ታንኮራፋለች።

እኔ አድጌ የሕፃናት ማኅበራዊ ሠራተኛ ሆንኩ። በ2001 የወጣው የአማራጭ እንክብካቤ መመሪያ የአደራ ቤተሰብን ጉዳይ አስፍሮታል፤ በ2010 የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከተዘጋ ወዲህም ቃሉ ከስብሰባችን አይጠፋም። በየሥልጠናው ስለ ፍቅርና ትዕግሥት ይወራል። የአሳዳጊዋን ሌሊት ማን ይጋራት ስል «በጀት የለውም» ይሉኛል። የሚነክስና የሚፈነክት ልጅ ለአንዲት ሴት አስረክቦ ዞር ማለት፣ ለእኔ፣ ልጁ ዳግመኛ የሚጣልበትን ቀን መቅጠር ነው።

ድልድዩ በ1994 በብረት ተጠግኖ ነበር፤ ቆይቶ ጎርፍ ወሰደው። በ2001 በሽቦ ገመድ የተንጠለጠለው ሲሠራ ልጁ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። የእናቱን መቃብር ሊያይ በእግሩ ተሻገረ፤ እኔ ከኋላው ነበርኩ። መሐል ላይ ሲወዛወዝብን ትከሻውን ልይዝ እጄን ከዘረጋሁ በኋላ፣ ከኋላ መነካት እንደማይወድ ትዝ ብሎኝ ሰበሰብኩት።

አያቴ ካረፈች በኋላ ቤቱን ልናከራይ ሄድን። የመቀርቀሪያው ቀዳዳ በጭቃ ተመርጓል፤ ማን እንደመረገው አላውቅም። ተከራዩ በሩን ገፋ መለስ እያደረገ፣ «ይኼ በምንድነው የሚዘጋው?» አለን።