ከወንበሩ የተነሣ ሰው

ስለ ሥልጣን ባሰብሁ ቁጥር በዐይነ ሕሊናዬ የሚመጡት የፖለቲካ ሰው አይደሉም፤ የቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ ናቸው። ጆን ቶምሰን የዋሽንግተኑን የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ቡድን ከ1972 እስከ 1999 እ.ኤ.አ. አሠለጠኑ። በ1984 የአሜሪካን የኮሌጆች ዋንጫ ያነሡ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆኑ። በቢሯቸው የተነፈሰች ኳስ ያስቀምጡ ነበር፤ ጨዋታው ሲያበቃ ምን እንደሚቀራቸው ተጫዋቾቻቸው እንዲያስቡበት።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ከዋንጫው በኋላ ያደረጉት ነው። የኮሌጆቹ ስፖርት ማኅበር፣ የትምህርትና የፈተና መመዘኛውን በሙሉ ያላሟሉ አዲስ ገቢ ስፖርተኞች በመጀመሪያው ዓመት የነጻ ትምህርት ዕድል እንዳያገኙ ወሰነ። በትሩ የሚያርፈው በድሆችና በጥቁሮች ልጆች ላይ መሆኑን ቶምሰን ዐወቁ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1989፣ ከቦስተን ኮሌጅ ጋር የሚደረገው ጨዋታ ሊጀመር ሲል፣ ቡድናቸውን ለረዳቶቻቸው ትተው ከአዳራሹ ወጡ። አገር ተነጋገረበት፤ ደንቡም ሥራ ላይ ሳይውል ዘግይቶ፣ በኋላ ተሻሻለ።

አንባቢዬ ሆይ፣ ስለ ወንበሩ ክብር የሚሟገት ሞልቷል። ገና ደጁን ላልረገጠ ልጅ ሲል ከወንበሩ የሚነሣ ግን ስንት ነው?