ተማሪዎች ወደ ጢስ ዓባይ

ከባሕር ዳር እስከ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለትምህርት ጉዞ የሚሄዱ ተማሪዎች ከመኪና ወርደው በእግር ይጓዛሉ። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራውን የአላታን ድልድይ ይሻገራሉ። ዕድሜው ወደ 400 ዓመት ይጠጋል፤ ዛሬም ሰውና ከብት ያሳልፋል።

ከዚያ ወዲያ ፏፏቴው አለ። አገሬው ጢስ እሳት ይለዋል። ቁመቱ 40 ሜትር ያህል ነው። ሃያ ሰው አንዱ በአንዱ ራስ ላይ ቢቆም አይደርስበትም።

ልጃችሁ በመስከረም ከሄደ ውሃው ገደሉን ሞልቶ ሲወርድ ያያል። ጭጋጉ ልብሱን ያረጥበዋል። በመጋቢት ከሄደ ግን ቀጭን ውሃ ነው የሚያየው። «ጢሱ የታለ?» ቢል እውነቱን ነው።

ነገሩ የበጋ ብቻ አይደለም። በ1956 ዓ.ም. ከፏፏቴው አጠገብ የመብራት ኃይል ማመንጫ ተሠራ። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ተጨመረ። ውሃው ገደሉ ጋ ሳይደርስ ተጠልፎ ወደነሱ ሄደ። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ደግሞ ውሃውን የሚወስደው ከራሱ ከጣና ሐይቅ ነው። በዋሻ አሳልፎ ለበለስ ወንዝ ይሰጠዋል። በለስ ከዓባይ የሚገናኘው ከፏፏቴው በታች፣ እጅግ ርቆ ነው።

መብራቱን የሚጠላ የለም። ግን ለጉዞው እህል ሸጦ የሚያዋጣው ወላጅ ነውና በስብሰባ ላይ ይናገር፤ ጉዞው በትምህርት መክፈቻ ሰሞን ይሁን። በበጋ ከሆነም ልጆቹ ውሃው የተጠለፈበትን ቦይ ጭምር ይዩ።