ከስንብት ወረቀት የቀረ ግዳጅና ሜዳሊያ

ከአሜሪካ ጦር የሚሰናበት ወታደር በመጨረሻው ቀን ዲዲ 214 የሚባል ወረቀት ተቀብሎ ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ1950 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ይህ ቅጽ (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የሃያና የሠላሳ ዓመት አገልግሎትን ጨምቆ ይይዛል። መቼ ገባ፣ መቼ ወጣ፣ በምን ማዕረግ፣ ምን ተማረ፣ የት ዘመተ፣ ምን ተሸለመ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነው። ሽልማቶቹ በ13ኛው ሳጥን ይዘረዘራሉ። የዘመተባቸው አገሮችና ቀኖች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለማስታወሻ በተተወው በ18ኛው ሳጥን ይሰፍራሉ። ጡረተኛው ከዚያ በኋላ ለሕክምና ይሂድ፣ ሥራ ይፈልግ ወይም ካሳ ይጠይቅ፣ የሚባለው «እስቲ 214ህን አምጣ» ነው። እዚያ ላይ ያልሰፈረ ግዳጅ ሌላ ማስረጃ እስኪቀርብለት ድረስ እንዳልነበረ ይቆጠራል።

ግዳጁ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በክፋት አይደለም። ቅጹን የሚሞላው አብሮ የዘመተ አዛዥ ሳይሆን የስንብት ጉዳይ የሚያስፈጽም ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊውም የሚያየው ፋይሉ ውስጥ ያገኘውን ትእዛዝ ብቻ ነው። ወታደሩ ከራሱ ክፍል ተለይቶ ለሌላ ሻለቃ በጊዜያዊነት ተመድቦ ከዘመተ፣ የዘመተበት ትእዛዝ በዚያኛው ክፍል ሊቀር ይችላል። የሜዳሊያው ትእዛዝ ገና ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲዞር ባለቤቱ ተሰናብቶ ሊሆን ይችላል። ተሰናባቹ ቅጹን አንብቦ እንዲፈርም ይጠየቃል፣ ይፈርማልም። ግን ሻንጣውን በር ላይ ያቆመ ሰው በምህጻረ ቃል የታጨቀውን 13ኛውን ሳጥን በጥሞና ያነባል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ደግነቱ ፊርማው የማስታረም መብቱን አያስቀርበትም።

ከመዝገብ የቀረ ሜዳሊያ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ብዙ ማመልከቻ የሚወድቀውም ይህ ልዩነት ሳይታወቅ ስለሚጻፍ ነው። የዘመቻ ሜዳሊያ በቦታውና በጊዜው በመገኘት የሚገኝ ነው። ዘመቻው በቆየበት ጊዜ ኢራቅ ውስጥ 30 ተከታታይ ቀናት ወይም በድምሩ 60 ቀናት ያገለገለ ሰው የኢራቅ ዘመቻ ሜዳሊያ ይገባዋል፤ ማንም ጀግንነቱን መመስከር አያስፈልገውም። ሜዳሊያው ካልሰፈረ ጉዳዩ የጽሕፈት ስህተት ነው። እንደ ሲልቨር ስታር ያሉት ግን የሚሰጡት ለአንድ ሰው ተግባር ነው። ድርጊቱ ብቻውን አይበቃም፤ ድርጊቱን ያየ ሰው የጻፈው የሽልማት ሐሳብና ሥልጣን ባለው አዛዥ የጸደቀ ትእዛዝ ያስፈልጋል። ትእዛዙ ወጥቶ ፋይል ውስጥ ሳይገባ ከቀረ እርማቱ ቀላል ነው። ትእዛዝ ጨርሶ ካልወጣ ግን የሚጠየቀው እርማት ሳይሆን አዲስ ሽልማት ነውና መንገዱም ሌላ ነው።

ፐርፕል ሃርት በሁለቱ መካከል ይቆማል። ለጀግንነት ሳይሆን ለቁስል የሚሰጥ በመሆኑ የማንንም የሽልማት ሐሳብ አይጠብቅም። ሆኖም ጉዳቱ በጠላት ድርጊት መድረሱ፣ በሕክምና ባለሙያ መታየቱና ሕክምናው በመዝገብ መስፈሩ መረጋገጥ አለበት። በኢራቅና በአፍጋኒስታን ፈንጂ አጠገባቸው ፈንድቶ ጭንቅላታቸው የተናወጠ ብዙዎች ደም ስላልፈሰሳቸው ሳይሸለሙ ቀርተዋል። በ2011 የመከላከያ ሚኒስቴር መለኪያውን አብራርቶ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ የደረሱ እንዲህ ያሉ ጉዳቶች እንደገና እንዲታዩ ፈቀደ።

ከስንብት በኋላ የተወለደ ሜዳሊያም አለ፤ በዚህ ጊዜ ጸሐፊው ምንም አላጠፋም። የደቡብ ኮሪያ መንግሥት ለኮሪያው ጦርነት ዘማቾች ያቀረበውን ሜዳሊያ አሜሪካ ለወታደሮቿ የተቀበለችው በ1999 ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያው ቃኘው ሻለቃ ተመድቦበት በነበረው በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር ተዋግቶ በ1953 የተሰናበተ አሜሪካዊ ወረቀቱ ላይ ይህ ሜዳሊያ ሊኖር አይችልም። ኮንግረስ በ2002 የፈቀደው የኮሪያ መከላከያ አገልግሎት ሜዳሊያ ደግሞ ወደ ኋላ እስከ ሐምሌ 28 ቀን 1954 ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ አገልግለው የተሰናበቱ ብዙዎች በአንድ ጊዜ የጎደለ መዝገብ ያላቸው ሆኑ። የኢራቅና የአፍጋኒስታን የዘመቻ ሜዳሊያዎችም የተቋቋሙት በኅዳር 2004 ነው። ከዚያ በፊት ዘምቶ የተሰናበተ ሰው ወረቀት ላይ የሚገኘው የጸረ ሽብር ዘመቻው አጠቃላይ ሜዳሊያ ነው። በአዲሱ ማስቀየር ይችላል፤ ለአንዱ አገልግሎት ሁለቱንም መያዝ ግን አይፈቀድለትም።

ይህ ሁሉ ድካም ለደረት ጌጥ ብቻ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። በነሐሴ 2022 የወጣው ፓክት አክት የተባለው ሕግ፣ በተወሰኑ አገሮች ያገለገለ ወታደር ለቆሻሻ ማቃጠያ ጉድጓድ ጭስና ለመሰል ብክለት እንደተጋለጠ አስቀድሞ ይቀበላል። ከተዘረዘሩት አገሮች መካከል ከነሐሴ 2 ቀን 1990 ወዲህ ሶማሊያ፣ ከመስከረም 11 ቀን 2001 ወዲህ ደግሞ ጅቡቲ ይገኛሉ። ጅቡቲ የዘመተው ሰው በሕጉ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ ቢይዘው፣ በሽታውን ያመጣው አገልግሎቱ መሆኑን የማስረዳት ሸክም አይወድቅበትም፤ እዚያ መኖሩን ግን ማሳየት አለበት። የአእምሮ ጭንቀት ካሳ በሚጠየቅበት ጊዜም ፐርፕል ሃርት ወይም የእግረኛ ተዋጊ ባጅ ያለው ሰው ውጊያ ውስጥ ስለመኖሩ ብዙ አይጠየቅም፤ የሌለው ምስክር ፍለጋ ይገባል። ለፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲወዳደሩም የዘመቻ ሜዳሊያ 5 ነጥብ፣ ፐርፕል ሃርት 10 ነጥብ ሊያስጨምር ይችላል። በሻለቃነትና ከዚያ በላይ ማዕረግ ጡረታ የወጣ ሰው ግን የአካል ጉዳት ከሌለበት በዚህ አይጠቀምም።

እርማት የሚጀምረው ከማመልከቻ ሳይሆን ሙሉ ፋይልን ከማስወጣት ነው፤ ባለጉዳዩ የጎደለ የመሰለው ትእዛዝ እዚያው ውስጥ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላልና። የቀድሞ ወታደሮች ፋይል ማዕከል ሚዙሪ ውስጥ በሴንት ሉዊስ አካባቢ ነው። የቅርብ ጊዜ ተሰናባቾች መዝገብ በኤሌክትሮኒክስ የተያዘ ስለሆነ በቶሎ ይደርሳል። የቆየው ግን ከአንድ አደጋ ጋር የተያያዘ ነው።

ሐምሌ 12 ቀን 1973 ከእኩለ ሌሊት በኋላ የማዕከሉ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ በእሳት ተያያዘ። ፋይሎቹ በተደረደሩበት ሥፍራ ውሃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበረም፤ እሳቱ ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል የተባለው ከቀናት በኋላ ነው። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ወደሙ። ከኅዳር 1912 እስከ ጥር 1960 ከተሰናበቱት የምድር ጦር አባላት ወደ 80 በመቶ የሚሆኑት፣ ከመስከረም 1947 እስከ ጥር 1964 ከተሰናበቱትና በፊደል ተራ ሃባርድ ከሚለው ስም በኋላ ከሚመጡት የአየር ኃይል አባላት ደግሞ ወደ 75 በመቶ የሚሆኑት ፋይላቸው ጠፋ። ቅጂ አልነበረም፣ በማይክሮፊልም አልተነሳም፤ ምን እንደተቃጠለ የሚያሳይ ዝርዝር እንኳ አልተዘጋጀም ነበር። ያ የኮሪያ ዘማች ሜዳሊያው ዘግይቶ ስለመጣ ብቻ አልተጎዳም ማለት ነው፤ ሜዳሊያው በ1999 ሲፈቀድ መዝመቱን የሚያስረዳው ፋይል ከተቃጠለ 26 ዓመት አልፎት ነበር።

እሳት የበላውን ፋይል ግን ከጎን ምንጮች መልሶ መገንባት ይቻላል፤ የማዕከሉ ሠራተኞችም ለዓመታት የሠሩት ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ ሻምበል በየዕለቱ ያቀርበው የነበረው የጠዋት ሪፖርት ማን እንደመጣ፣ ማን እንደተዛወረና ማን ቆስሎ እንደሄደ ይናገራል። የመጨረሻ ደመወዝ የተከፈለባቸው ሰነዶች ተርፈዋል። በ1942-1945 እና በ1950-1954 ሆስፒታል የገቡ ወታደሮች መረጃም በሌላ ቦታ ተጠብቆ ቆይቷል፤ ለፐርፕል ሃርት ጠያቂ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ጠያቂው የክፍሉን ስም፣ የሻምበሉን ፊደልና ወሩን በትክክል ካስታወሰ ፍለጋው ተስፋ አለው፤ «ኮሪያ ነበርኩ» ብቻ ካለ ግን የት ተብሎ ይፈለጋል? አገልግሎቱ በተረፉት ሰነዶች ሲረጋገጥ በ214 ፈንታ የሚያገለግል የምስክር ወረቀት ይሰጣል።

ለኋለኞቹ ዘማቾች በጣም ጠቃሚው፣ ግን በብዛት የሚዘነጋው ምንጭ የደመወዝ ወረቀት ነው። ሰው ዘመቻውን ቢረሳ ገንዘብ ያዥ አይረሳም። አደገኛ ቀጠና ውስጥ ያለ ወታደር በወር እስከ 225 ዶላር ተጨማሪ ክፍያ ያገኛል፤ በጦር ቀጠና የሚከፈለው ደመወዝም ከፌዴራል የገቢ ግብር ነጻ ይሆናል። ሁለቱም ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደታሰቡ በደመወዝ መግለጫው ላይ ይታያል። በዚህ ላይ የጉዞ ወጪ ማወራረጃ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ ከዘመቻ መልስ የተሞላ የጤና መጠይቅና አብረው የነበሩ ሰዎች በፊርማቸው ያረጋገጡት ቃል ሊታከል ይችላል። የጓድ ምስክርነት ክብደት የሚኖረው ቀን፣ ቦታና ድርጊት ሲጠቅስ ነው፤ «ጥሩ ወታደር ነበር» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይፈይድም። የክፍል መዝገብ ብቻውን እንደማያስተማምንም በ2012 የታተመ የጋዜጠኞች ምርመራ አሳይቷል፤ በኢራቅና በአፍጋኒስታን የተሰለፉ በርካታ ክፍሎች የውሎ መዝገባቸው ጠፍቷል ወይም ጨርሶ አልተያዘም ነበር።

ማስረጃው ከተሰበሰበ በኋላ የመጀመሪያው በር የየጦሩ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። የምድር ጦር ኬንተኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ፣ የባሕር ኃይል ቴነሲ ውስጥ ሚሊንግተን፣ የማሪን ኮር ቨርጂኒያ ውስጥ ኳንቲኮ፣ የአየር ኃይል ደግሞ ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንቶኒዮ ይገኛል። የጽሕፈት ስህተትና በትእዛዝ የተደገፈ ሜዳሊያ እዚሁ ይታረማል። የቀድሞው 214 ብዙ ጊዜ አይቀደድም፤ የታረመውን የሚዘረዝር ዲዲ 215 የሚባል ተጨማሪ ቅጽ ይወጣለትና ሁለቱ አብረው ይያዛሉ።

እዚያ ያልተሳካለት ወደ መዝገብ ማረሚያ ቦርድ ይሄዳል። ቦርዶቹ የተፈጠሩት በ1946 በወጣ ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የአንድን ወታደር መዝገብ ለማስተካከል ኮንግረስ በስሙ የተለየ ሕግ ማውጣት ነበረበት፤ እንደራሴዎቹ በዚህ ተሰላችተው ሥራውን ለቦርድ አስረከቡ። ውሳኔ ሰጪዎቹ ሲቪሎች ናቸው፤ ሥልጣናቸውም ስህተትን ማረም ወይም በደልን ማንሳት ነው። በቅጽ 149 የሚቀርበው ማመልከቻ ስህተቱ በታወቀ በ3 ዓመት ውስጥ መግባት አለበት ቢባልም፣ ፍትሕ የሚጠይቅ ከሆነ ቦርዱ ጊዜውን ማለፍ ይችላል። ለአሥርት ዓመታት የዘገየ ሰው ለምን እንደዘገየ በግልጽ ቢጽፍ ይሻለዋል። ቦርዱ ሥራውን የሚጀምረው መዝገቡ ትክክል ነው ከሚል ግምት ነው፤ ይህን ማፍረስ የአመልካቹ ፈንታ ነው። ማስረጃ አይፈልግለትም፣ ቀርቦ የመናገር መብትም አይሰጠውም፤ ጉዳዮች የሚያልቁት በአብዛኛው በጽሑፍ ነው። ሕጉ 90 በመቶ የሚሆኑት ማመልከቻዎች በ10 ወር ውስጥ እንዲወሰኑ ይጠይቃል። ስም የተሰረዘባቸው የቀድሞ ውሳኔዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸውና፣ ተመሳሳይ ጉዳይ እንዴት እንደታየ አንብቦ ማመልከት ከብዙ ድካም ያድናል። እንደ አሜሪካን ሊጅንና ዲኤቪ ያሉ የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትም በነጻ ያግዛሉ።

ጊዜው ያለፈበት የጀግንነት ሽልማት ግን በኮንግረስ አባል በኩል መምጣት አለበት። የፌዴራል ሕግ እንደራሴው ወይም ሴናተሩ ጉዳዩ እንዲታይ ለጦሩ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። እንደራሴው በር ከፋች እንጂ ሸላሚ አይደለም፤ የሽልማት ሐሳቡ፣ የዓይን ምስክሮች ቃልና የወቅቱ አዛዦች አስተያየት ተሟልቶ መቅረብ አለበት። ምስክሮቹ በሕይወት ሳሉ መጀመር ያለበትም በተለይ ይህኛው ነው።

በአሜሪካ ጦር ያገለገሉ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በዚህ ላይ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። ከ2009 አንስቶ ለጥቂት ዓመታት ጦሩ አማርኛን ጨምሮ በተፈላጊነት የመዘገባቸውን ቋንቋዎች የሚናገሩ፣ የቋሚ መኖሪያ ፈቃድ ያልያዙ ስደተኞችን ሳይቀር ይቀጥር ነበር። የአባት ስም በአንዱ ሰነድ መካከለኛ፣ በሌላው የቤተሰብ ስም ሆኖ ይገባል፤ አንዱ ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገረ የልደት ዓመት ሳይቀየር ይመዘገባል። የሽልማት ትእዛዙ ኖሮ ከሰውየው ፋይል ጋር ያልተገናኘው በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠያቂው በአገልግሎቱ ዘመን ሲጠራባቸው የነበሩትን የስም አጻጻፎች ሁሉ መዘርዘር አለበት። ዜግነት ሲያገኝ ወይም ከስንብት በኋላ ስሙን የለወጠ ሰው ግን 214ው በአዲሱ ስም እንዲጻፍለት ቢጠይቅ ብዙውን ጊዜ አይሳካለትም፤ ወረቀቱ የሚያሳየው በአገልግሎቱ ጊዜ የነበረውን ነውና።

የታረመው ቅጽ ሲደርስ ሥራው አላለቀም። ባለመብቱ ቅጂውን ለቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ማለትም ለቪኤ፣ ራሱ ማስገባት ይኖርበታል፤ ይደርሳቸዋል ብሎ መቀመጥ አያዋጣም። ቀድሞ ተከልክሎ የነበረ ካሳ፣ ያኔም የነበረ ግን ያልታየ የአገልግሎት ሰነድ ሲገኝለት እንደገና ይታያል፤ ክፍያውም ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ቀን ሊመለስ ይችላል። እርማቱ ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም አበል የሚያስከትል ከሆነ ሒሳቡን የሚሠራው የመከላከያ ፋይናንስ መሥሪያ ቤት ነው። ወታደሩ ከሞተ የትዳር ጓደኛው ወይም ወራሹ የጋብቻ ወይም የልደት ማስረጃና የሞት ምስክር ወረቀት አያይዞ ማመልከት ይችላል። ቪኤ ያለ ክፍያ በሚሰጠው የመቃብር ድንጋይ ላይ ሜዳሊያ የሚቀረጸውም በመዝገብ ሲረጋገጥ በመሆኑ፣ እርማቱ ድንጋዩ ከመታዘዙ በፊት ቢያልቅ ይመረጣል።