ስድስት ወንድሞች፣ ቅዳሜ ጠዋት

በቤተ ክርስቲያናችን የእህቶች ጸሎት አለ፤ የወጣቶች ፕሮግራም አለ፤ መዘምራን አሉ። እኛ ወንዶቹ የምንጠራው ድንኳን ሲተከል፣ ወንበር ሲደረደር፣ ለቅሶ ቤት ሲኬድ ነው። ማገልገሉ መልካም ነው። ግን ስንት ዓመት አብረን ወንበር ስንደረድር የአንዳችንን የልብ ጉዳይ ሌላችን አናውቅም ነበር።

መጀመሪያ የሞከርነው ትልቅ ጉባኤ ነበር። ባነር ተሰቀለ፣ ሰባኪ ተጋበዘ፣ አዳራሹ ሞላ። በሳምንቱ ግን ማንም ለማንም አልደወለም።

አሁን ቅዳሜ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በአንድ ወንድም ሳሎን ስድስት ሆነን እንቀመጣለን። ቡና፣ ዳቦ፣ ከቃሉ አንድ ምዕራፍ፣ ከዚያ «ቤት እንዴት ነው?» የሚል ጥያቄ። ሦስት ሳምንት ሙሉ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብቻ ነበር። በአራተኛው አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ «ሥራ ካጣሁ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ባለቤቴ አታውቅም» አለ። ቡናው ቀዘቀዘ። ወንድ አያለቅስም ተብዬ ያደግሁት እኔም አለቀስኩ።

በቤት ጥቂት ሆኖ መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ በደርግ ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ አማኞች በየቤቱ ጥቂት ጥቂት ሆነው እየተሰበሰቡ ነው እምነታቸውን ያቆዩት። በ2ኛ ጢሞቴዎስ 2፥2ም አንዱ ለሌላው ሲያስተላልፍ አራት ትውልድ ይታያል፤ ጳውሎስ፣ ጢሞቴዎስ፣ የታመኑ ሰዎች፣ ሌሎች። ስለዚህ አሥር ስንሞላ ለሁለት እንከፈል እላለሁ። «ገና መተዋወቃችን ነው» ብለው ቅር የሚላቸው አሉ፤ ይገባኛል።

ሥራ ያጣው ያ ወንድም በሚቀጥለው ቅዳሜ የራሱን ሳሎን ይከፍታል። ቡናውን ባለቤቱ «እኔ አፈላለሁ» ብላለች።