ዳዊታችን በማን ስም ተመዘገበ?

ለእኛ ለኮድ ጸሐፊዎች «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ ሁለት ትርጉም አለው። ወይ ነገሩ የለም፤ ወይ ደግሞ አለ፣ ግን እኛ በማናውቀው ስም ተቀምጧል። በአውሮፓ የመጻሕፍት መዝገቦች ውስጥ የጥንት የግእዝ ኅትመት ስትፈልጉ የሚገጥማችሁ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የገፉኝ አጎቴ ናቸው። መሪጌታ ናቸው፤ ቅኔ የቆጠሩት ደብረ ኤልያስ ነው። እኔ ደግሞ ኢንጂነሪንግ ተምሬ፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ቁጭ ብዬ ሶፍትዌር እሠራለሁ። አንድ ቀን «ዳዊትን መጀመሪያ በማተሚያ ያሳተመው ማነው?» አሉኝ። የማውቀውን ነገርኳቸው፦ ዮሐንስ ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ፣ ሮም ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1513። በግእዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍም እሱው ነው። አጎቴ ግን አልረኩም። «እሱስ ግእዙን ከማን ተማረው?»

መልስ ፍለጋ ወደ መዝገቦቹ ገባሁ። እዚያ ለመፈለግ መጀመሪያ አሠራራቸውን ማወቅ ግድ ይላል። እስከ 1500 የታተሙት የአውሮፓ መጻሕፍት በአንድ ዓለም አቀፍ ዝርዝር ተሰብስበዋል። ከዚያ ወዲህ ያለውን ግን አገሮች በየፊናቸው ነው የመዘገቡት፤ ጣሊያኖች ኤዲት 16፣ ጀርመኖች ቪዲ 16 የሚባል አላቸው። የስኮትላንዱ ሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዩኤስቲሲ በተባለ ዳታቤዝ የብዙ አገሮችን መረጃ አንድ ላይ አምጥቷል። ዋናው መለያ መጽሐፉ የታተመበት ቦታ ነው። ስለዚህ የ1513ቱ ዳዊት የጣሊያን ሆነ። ያው ፖትከን በ1518 ኮሎኝ ላይ በዕብራይስጥ፣ በግሪክ፣ በላቲንና በግእዝ ያሳተመው ዳዊት ደግሞ የጀርመን ሆነ።

ሁለተኛው ጣጣ ቋንቋው ነው። መዝጋቢ የመጽሐፉን ርዕስ እንዳለ ነው የሚገለብጠው። የ1513ቱ ርዕስ ቋንቋውን «ካልዴያ» ይለዋል፤ ፖትከን ግእዝን የከለዳውያን ቋንቋ አድርጎ ነበር የወሰደው። እናም በርዕስ «ኢትዮጵያ» ብሎ የሚፈልግ ሰው አጠገቡ ደርሶ ያልፈዋል። ደብረ ማርቆስ ድሮ መንቆረር እንደነበረች የማያውቅ ሰው፣ የከተማዋን የጥንት ታሪክ በአሁኑ ስሟ ብቻ ቢፈልግ እንደማለት ነው። ዘዴው ቀላል ነው፦ ቋንቋውን ትታችሁ በቦታ፣ በዓመትና በአታሚ ፈልጉ። ሮም፣ 1513፣ ማርሴሉስ ዚልበር።

መጽሐፉ በዚህ መንገድ ይገኛል። መምህሩ ግን አይገኝም። ያን ጊዜ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ጀርባ ባለው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር። ፖትከንን ግእዝ ያስተማረው በሮም የነበረ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል የተባለ የእኛ ሰው ነው። በርዕሱ ላይ ግን ስሙ የለም። ርዕስ ላይ የሌለ ሰው ደግሞ ሰርች ሲደረግ አይመጣም።

ስሙ ቢኖርስ? የደብረ ሊባኖሱ መነኩሴ ተስፋ ጽዮን በ1548 እና በ1549 ሮም ላይ ሐዲስ ኪዳንን በግእዝ አሳተመ። አታሚዎቹ ግእዝ አያነቡም፤ እነ ተስፋ ጽዮን ደግሞ የኅትመት ሙያ አያውቁም። እንደ ዕውር ተደጋግፈው እንደሠሩት በመጽሐፉ ውስጥ ተናግሮ፣ ለስሕተቱ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃል። ይህን ሰው በአውሮፓ «ፔትሩስ ኤቲዮፕስ» ይሉታል፤ ኢትዮጵያዊው ጴጥሮስ ማለት ነው። «ተስፋ ጽዮን» ብሎ የሚፈልግ የደብረ ማርቆስ ተማሪ ይህን ሁለተኛ ስሙን ካላወቀ በምን ያገኘዋል?

ለአጎቴ ይህን ሁሉ ስነግራቸው ረጅም ዝም አሉና «መምህሩ ሳይጠራ ቅኔ ይቆጠራል እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። በጎጃም የቅኔ ቤት አንድ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠየቀው ከማን እንደተማረ ነው። የካታሎግ አሠራር ይህን አይጠይቅም። ክፋት አይደለም፤ ቅጹ ላይ ቦታው የለም እንጂ።

ቦታ የለም ከተባለ ቦታ መጨመር የእኛ ሙያ ነው። ስለዚህ አንዲት ትንሽ ሠንጠረዥ ጀመርኩ። በአንድ ዓምድ መዝገቡ የሚለው ስም፣ በሌላው እኛ የምንለው፣ በሦስተኛው «ከማን ተማረ?»። ሦስተኛው ዓምድ የአጎቴ ነው። እስካሁን ሦስት ረድፍ ሞልቻለሁ። ሦስተኛው ረድፍ በ1661 ለንደን ላይ የታተመው የሂዮብ ሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላት ነው፦ የታተመው እንግሊዝ፣ ደራሲው ጀርመናዊ፣ መምህሩ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ። አራተኛውን የሚያውቅ ካለ ያምጣ።