ባሕሩን ሳላይ አስተማርሁ

አንባቢዎቼ ሆይ! መምህር የሆነ ሰው በተማሪዎቹ ፊት የዋሸ እንደ ሆነ ሌሊቱን እንዴት እንደሚያድር የምታውቁ ካላችሁ፣ ይህን ጽሑፍ ሳታነቡት ልትተውት ትችላላችሁ። የማታውቁት ግን ታገሡኝና ልንገራችሁ። ነገሩ ስለ ባሕር ነው፤ ስለ ባለቤቴም ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ግን ስለ አንዲት ትንሽ ውሸት ነው። በትንሽነቷ ሳላጠፋት ቀርቼ፣ አድጋ የቤቴን ሰላም ልታፈርስብኝ ደርሳ ነበር።

ዕድሜዬ ሃያ ስድስት ዓመት ነው። ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በጂኦግራፊ ትምህርት ተመርቄ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምራለሁ። ቤት ተከራይቼ የምኖረው በሐርላ ነው። ሐርላ ከድሬዳዋ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሐረር በሚወስደው ተራራማ አገር የምትገኝ የገበሬዎች መንደር ናት። ማሽላና ጫት ይበቅልባታል። ውኃ ግን ብርቅ ነው። ሴቶችና ልጆች ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ሲወጡና ሲወርዱ የሚያይ እንግዳ፣ የዚህች መንደር ስም ከባሕር ጋር ይነሣል ብሎ አያስብም።

ነገር ግን የሐርላ አፈር ባሕርን ያውቃል። ገበሬው ሲያርስ ማረሻው ዛጎል፣ ጨሌና የሸክላ ስባሪ ያወጣል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ታላላቆቹን የግንብ ድንጋዮች እያሳዩ፣ ጥንት ከተማዋን የሠሩት ግዙፋን ሰዎች ነበሩ ይላሉ። በሰኔ ወር 2009 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ አገር ከኤክሰተር ዩኒቨርሲቲ የመጡት የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ቲሞቲ ኢንሶል ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ያገኙትን ለዓለም አስታወቁ። የ12ኛው መቶ ዓመት መስጊድ ተገኘ። ከማዳጋስካር፣ ከማልዲቭ ደሴቶች፣ ከየመንና ከቻይና የመጣ ዕቃ ተገኘ። ከባሕር የመጣ ዛጎል እየተቈረጠና እየተበሳ ጌጥ የሚሠራበት ቦታም ተገኘ። እንግዲህ ዛሬ ባሕር ያላየ ልጅ በሚያድግበት መንደር፣ ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የሕንድ ውቅያኖስን ዛጎል በእጁ የሚቀርጽ አንጥረኛ ይኖር ነበር ማለት ነው።

እኔም ስለ ባሕር ባስተማርሁ ቊጥር ይህን እያነሣሁ እኰራ ነበር። ኵራቴ ግን አንድ ጒድለት ነበረበት፤ ይኸውም ባሕርን ከመጽሐፍ በቀር አላውቀውም ነበር።

ባለቤቴ ግን የባሕር ልጅ ናት። የተወለደችው ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ቢሆንም፣ ያደገችው ጂቡቲ ከአክስቷ ዘንድ ነው። ዓሣ አስጋሪዎች ልጆች ጋር ስትዋኝ ነው ያደገችው። በኋላም የአየር ጋን በጀርባዋ አዝላ፣ ስኩባ በሚባለው መሣሪያ እየተነፈሰች ከባሕር በታች መሄድን ተማረች። ይህ መሣሪያ ፈረንሳውያኑ ዣክ ኢቭ ኩስቶና ኤሚል ጋኛን በ1935 ዓ.ም. የሠሩት ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በጥር ወር በተጋባን ጊዜ፣ «ጫጒላችን በሙሻ ደሴት ይሁን፤ ያደግሁበትን አገር ከላዩ ብቻ ሳይሆን ከሥሩም ላሳይህ» አለችኝ። እኔም እሺ ብዬ ሄድሁ።

የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ልብሱን ለበስሁ፤ ጋኑን አዘልሁ፤ መነጽሩን አጠለቅሁ። ከጀልባዋ ወርጄ ፊቴን ውኃ ውስጥ እንዳስገባሁ ከበታቼ ያለው ሰማያዊ ጥልቀት ዓይኔን አዞረው፤ ትንፋሼ ተቈራረጠ፤ ጨው ውኃ ዋጥሁ። እየጮኽሁ የጀልባዋን ጠርዝ ይዤ ወጣሁ። የቀሩትን ሦስት ቀናት በዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጬ መጽሐፍ ሳነብ፣ ሙሽራዬ ብቻዋን እየጠለቀች ትመለስ ነበር። አንድም ቀን አላሾፈችብኝም። እኔ ግን አፈርሁ።

ወደ ሐርላ ከተመለስን በኋላ በክፍል ውስጥ የውቅያኖስን ትምህርት ጀመርሁ። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ እጁን አወጣና፣ «ቲቸር፣ ጂቡቲ ሄደህ ነበር አሉ፤ ባሕሩ ከታች ምን ይመስላል?» ሲል ጠየቀኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ አያበዛም፤ እኔም ይህን ቅርበት እወደዋለሁ። ስድሳ ያህል ዓይኖች ሲያዩኝ ግን ፈርቼ ተመለስሁ ለማለት ምላሴ እምቢ አለ። እንዲያውም ከሚስቴ የሰማሁትን ሁሉ የራሴ አድርጌ ተናገርሁ። በዚያ ላይ ጨመርሁበት። ከባሕሩ ወለል ላይ ቆሜ፣ ከዓሦች ሁሉ የሚበልጠውን ዌል ሻርክ ከሥር ሲመገብ አየሁት አልሁ። ልጆቹ አፋቸውን ከፍተው ሰሙ። ደወሉ ሲደወል አጨበጨቡልኝ።

ከሳምንት በኋላ አንዲት ተማሪ ወደ እኔ መጣች። ጐረቤታችን ናት፤ አባቷ ገበሬ ነው። «ቲቸር፣ በቤተ መጻሕፍቱ ያለው መጽሐፍ ዌል ሻርክ የሚመገበው ከውኃው ገጽ አጠገብ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ፍጥረት እያጠለለ ነው ይላል። አንተ ከታች ሲበላ አየሁት አላልህም?» አለችኝ። እኔም ያን ጊዜ ልመለስ ስችል፣ «መጽሐፍ ሁሉን አይጽፍም፤ ያየ ሰው ይበልጣል» አልኋት። ይህ ሁለተኛው ውሸት ከፊተኛው ይከፋ ነበር። ምክንያቱም ልጅቱ ያነበበችውን እውነት እንድትጠራጠር አስተማርኋት።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጅቱ ጀሪካኗን ይዛ በቤታችን በኩል ስታልፍ ባለቤቴን፣ «እትዬ፣ ቲቸር ያን ትልቅ ዓሣ ሲያይ አንቺም ነበርሽ?» ብላ ጠየቀቻት። ባለቤቴ ዝም ብላ ቆየችና፣ «እርሱን ጠይቂው» አለቻት። ማታ ወደ ቤት ስገባ እራቱ ቀርቧል፤ ፊቷ ግን ወደ ግድግዳው ነው።

«ፈርተህ በመመለስህ አላፈርሁብህም» አለችኝ። «ባሕርን የሚፈራ ሰው ብዙ ነው። የውሸትህ ምስክር እንድሆን ማድረግህ ግን አሳፈረኝ። ደግሞም ያየሁት የእኔ ነበር፤ ወስደህ የራስህ አደረግኸው።»

መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ ባሕር አታወራኝም ነበር። በጂቡቲ ሥራ እንዳለ አክስቷ በስልክ ስትነግራት እሰማለሁ፤ ከእኔ ግን ምክር አትጠይቅም። ባልና ሚስት በአንድ ማዕድ እየበሉ ሁለት አገር ሲኖሩ ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

ዘንድሮ የመንፈቁ ዕረፍት ሲቃረብ፣ «ወደ ሙሻ እንመለስ፤ አሁን እንድትሸኚኝ ሳይሆን እንድታስተምሪኝ ነው» አልኋት። ለረዥም ጊዜ አየችኝና፣ «ለተማሪዎችህ ብለህ ከሆነ አልሄድም» አለች። «ላንቺ ብዬ ነው» ብል ያውም ሦስተኛ ውሸት ሊሆን ስለ ነበረ፣ «ለሁላችንም ነው» አልኋት።

ከድሬዳዋ በባቡር ሄድን። ድሬዳዋ ራሷ የባቡር ልጅ ናት፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ከጂቡቲ ተነሥቶ በደረሰ ጊዜ የተቈረቈረች ከተማ ናት። የአሁኑ የኤሌክትሪክ ባቡር በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. ተመርቆ የሕዝብና የጭነት አገልግሎቱን በ2010 ዓ.ም. የጀመረው ነው። በመስኮት በኩል ግራሩና ጠጠሩ ሲያልፍ፣ ያን የሐርላ ዛጎል አሰብሁ። በግመል ጀርባ ይህን በረሃ ያቋረጠው ነጋዴ ስንት ሌሊት አድሮ ይሆን? እኛ በተቀመጥንበት ወንበር የምናልፈውን ቆላ፣ እርሱ በእግሩ ለክቶታል።

ሙሻ ከጂቡቲ ከተማ በጀልባ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ከአጠገቡ ማስካሊ የሚባል ታናሽ ደሴት አለ። ሁለቱም ዝቅ ያሉ፣ ከኮራል ድንጋይ የተሠሩ፣ በዳርቻቸው ማንግሮቭ የሚበቅልባቸው ናቸው። በ1832 ዓ.ም. የታጁራ ሱልጣን ሙሻን ለእንግሊዞች በአሥር ከረጢት ሩዝ ሸጦላቸው ነበር፤ በኋላ ወደ ፈረንሳዮች ተላለፈች። የምንጠጣውን ውኃ ከከተማ በጀሪካን ጭነን ስንወርድ ባለቤቴ ሣቀች፤ «ሐርላ ተከትላን መጣች» አለች። ከብዙ ወራት በኋላ ስትሥቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያውን ቀን ጥልቅ ውኃ ውስጥ አላስገባችኝም። ወገቤ ድረስ በሚደርስ ውኃ ቆሜ ፊቴን አግብቼ መተንፈስ ብቻ አስተማረችኝ። አንድ ነገር ደጋግማ ትለኝ ነበር፤ «ትንፋሽህን አትያዝ።» ምክንያቱን እኔ ራሴ በክፍል የማስተምረው ነበር። በየ10 ሜትሩ ጥልቀት የአንድ ከባቢ አየር ያህል ግፊት ይጨመራል፤ ስለዚህም ከታች የተሳበ አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይስፋፋል። ትንፋሹን ይዞ የሚወጣ ሰው ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! በደረቴ ውስጥ ግን ገና አላወቅሁትም ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንድ ፈቃድ ያለው አሠልጣኝ በቀኜ፣ ባለቤቴ በግራዬ ሆነው ወረድን። የጀልባዋን ገመድ ይዤ ቀስ እያልሁ ስወርድ ጆሮዬን ወጋኝ፤ እንዳስተማረችኝ አፍንጫዬን ይዤ አየር ስገፋ ሕመሙ ተወኝ። ከዚያ ያው የድሮው ፍርሃት መጣ። ልቤ መታ፤ ወደ ላይ ልሮጥ እግሬን አነሣሁ። ባለቤቴ እጄን ያዘችና መነጽሯን ወደ መነጽሬ አስጠግታ ዓይኔን ታየኝ ጀመር። በውኃ ውስጥ መናገር አይቻልም፤ ስለዚህ መዋሸትም አይቻልም። ፈርቻለሁ ስል እጄን አወዛወዝሁ። ራሷን ነቀነቀችና ከእኔ ጋር በዚያው ቦታ ጠበቀች። ከእኔ አፍ የሚወጣው አረፋ ከእርሷ አረፋ ጋር እኩል መውጣት እስኪጀምር ድረስ ጠበቀች።

ከዚያ ወደ 8 ሜትር ያህል ወረድን። ስለ ውበቱ ብዙ ልጽፍ አልችልም፤ ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ የማየው የሚስቴን እጅ ነበር። ያየሁትን ብቻ እነግራችኋለሁ። ቢጫ ዓሦች በኮራሉ መካከል ሲሽሎከሎኩ አይቻለሁ። ቀይ የነበረው የባለቤቴ ዋና ልብስ ከሥር ቡናማ መስሎ አይቻለሁ፤ ውኃው ከብርሃን ቀለማት አስቀድሞ ቀዩን ይውጣልና። በአሸዋው ላይ ደግሞ አንድ ዛጎል አይቻለሁ። በሐርላ እርሻ ውስጥ ነጭና ደረቅ ሆኖ የማውቀው ዛጎል፣ እዚህ ነጠብጣብ ለብሶ፣ ሕይወት ኖሮት ይሄድ ነበር። ዌል ሻርክ አላየሁም። ወደዚያ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ይበልጡን ከኅዳር እስከ ጥር ነው ይላሉ፤ እኔ ባለሁበት ግን አልመጣም።

ማታ በአሸዋው ላይ ተቀምጠን፣ «አሁን የምትናፍቂው ምን እንደ ሆነ ገባኝ» አልኋት። «እዚህ መኖር ከፈለግሽ እንነጋገርበት።» እርሷም ጥቂት ቆይታ፣ «ሁልጊዜ እዚህ መኖር አልፈልግም፤ ስለዚህ ቦታ ስነግርህ የሚሰማኝ ሰው ነው የፈለግሁት» አለችኝ። በየዓመቱ ቢቻል ልንመለስ ተስማማን። የጂቡቲውንም ሥራ ገና አልተወችውም፤ አብረን እያሰብንበት ነው።

ትምህርት ሲከፈት ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁ። አምና የነገርኋቸው ሐሰት እንደ ነበረ፣ ፈርቼ እንደ ወጣሁ፣ መጽሐፉም ልጅቱም ልክ እንደ ነበሩ ነገርኋቸው። ከዚያ ዘንድሮ ያየሁትን በልኩ ተረክሁ። አላጨበጨቡም። ጸጥ አሉ። ያችው ልጅ እጇን አወጣችና፣ «ታዲያ ቲቸር፣ የአሁኑንስ እንዴት እናምናለን?» አለች።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ የውሸት ዋጋዋ ይህች ጥያቄ ናት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እስኪጠራ ድረስ ግን እውነት የተናገረው ሰውም በጨለማ ቆሞ መጠበቅ አለበት። «ቃሌን ብቻ አትመኑ» አልኋት። በዚያው ሳምንት ክፍሉን ይዤ በሐርላ ወደምትገኘው የመንደሩ የቅርስ ቤት ሄድሁ። ልጆቹ ከአያቶቻቸው እርሻ የወጣውን ዛጎልና ጨሌ በዓይናቸው አዩ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ከየት ባሕር እንደ መጣ ከመጻሕፍት ፈልገው እንዲጽፉ አዘዝኋቸው።

ያች ልጅ ዛሬም የምናገረውን ሁሉ መጽሐፍ ገልጣ ትፈትሻለች። አንዳንድ ጊዜ ስሕተት ታገኝብኛለች። ስታገኝም እጇን ታወጣለች፤ እኔም ሰሌዳውን አጥፍቼ እንደ ገና እጽፋለሁ።