ልደታ፦ ፎቁ በጋረደው ግቢ ቄጤማ!

ዛሬ የፍቅሩንና የትዳሩን ጣጣ ለአንድ ሳምንት እናሳርፈውና ልደታ እንውረድ። ከሜክሲኮ በእግር ነው፤ ቢበዛ ሃያ ደቂቃ። ባቡሩ ከአናታችን በላይ ያልፋል። የጠበቃና የባለጉዳዩን ግርግር ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ እንተወውና ኮንዶሚኒየሞቹ መሃል እንግባ።

ሰፈሩ ድሮ የጭቃ ቤትና የቆርቆሮ አጥር ነበር። አሮጌው ፈርሶ ፎቅ የተተካው ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ፎቁ ታዲያ ብቻውን አልመጣም፤ ጥላውንም ይዞ መጣ። በሁለት ብሎክ መሃል ያለችውን መሬት ጠዋት አንዱ ይጋርዳታል፣ ከሰዓት ሌላኛው። ፀሐይ የምታያት ቀትር ላይ ነው፣ እሱም ለጥቂት ሰዓት።

ጭቅጭቁም ያለው እዚህችው መሬት ላይ ነው። ወጣቱ ነዋሪ ገንዘብ ያዋጣና በካሬ የሚሸጥ ሳር ያስነጥፋል። ሳሩ መጀመሪያ ያምራል፤ ከዚያ ይሳሳል፣ ቢጫ ይሆናል፣ በመጨረሻም ግቢው ራሰ በራ ሆኖ ይቀራል። "መሬቱ እርግማን አለበት" ይባላል። ኧረ የምን እርግማን! ሰርዶና መሰሎቹ የሜዳ ልጆች ናቸው። ፀሐይ ካጡ ውሃ ብታጠጧቸው፣ ፍግ ብትጨምሩላቸው ወይ ፍንክች! ሳሩ ሲሞት ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይመጣል፦ "ሲሚንቶ ይፍሰስበትና መኪና ይቁምበት!"

ቆይ ቆይ! ከሲሚንቶው በፊት የአገራችንን ሳሮች እስቲ እንያቸው። ስንደዶና አክርማ ለመሶብና ለሰፌድ ስፌት ወደር የላቸውም፤ ግን ገላጣ ሜዳ ይፈልጋሉ። የመንዝ ጓሳ ቤት ሲከድን፣ ገመድ ሲሆን የኖረ ባለውለታ ነው፤ እሱም ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን ውርጭ የለመደ ደገኛ ስለሆነ ልደታ ትሞቀዋለች።

ለኛ ግቢ የሚሆነው በየበዓሉ የምንረግጠው ቄጤማ ነው! ቄጤማ የረግረግና የወንዝ ዳር ተክል ነው። ሥሩ እርጥበት ያግኝ እንጂ ከፊል ጥላ አይከፋውም። የዕፅዋት ሊቃውንት እንዲያውም ከሳር ወገን አይቆጥሩትም። አገዳውን በሁለት ጣታችሁ አሽከርክሩት፤ ሦስት ጠርዝ ታገኙበታላችሁ። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል የሥጋ ዘመዱ ነው።

አተካከሉ ቀላል ነው። መጀመሪያ መሬቷን በ3 ሰዓት፣ በ6 ሰዓትና በ9 ሰዓት ተመልከቷት። በቀን ሦስት አራት ሰዓት ብርሃን ካገኘች ይበቃል። ጭራሽ ብርሃን የማይደርስበት ጥግ ላይ ግን አትልፉ፤ ጠጠር አልብሱትና አግዳሚ ወንበር አስቀምጡበት። ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጠና አንድ ክንድ ያህል ቆፍሩ። ጥቁር አፈርና የበሰበሰ ፍግ ቀላቅላችሁ መልሱበት። ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለውን ሥር ስንዝር ስንዝር አራርቃችሁ ትከሉ። በበጋ የአትክልት ማጠቢያ ውሃ ይበቃዋል፤ የኦሞ ውሃ ግን አይሁን። አፈሩ ይርጠብ እንጂ ውሃ አይተኛበት፤ የቢምቢ መፈልፈያ ይሆናልና። ስትፈልጉት በማጭድ ከላይ እጨዱት፤ ከነሥሩ አትንቀሉት። እንደገና ያቆጠቁጣል። መሬት የሌላችሁ ደግሞ አሮጌ ሳፋ ቀዳዳችሁ በረንዳ ላይ ሞክሩት።

ይህን ከመጽሐፍ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። አንድ ብሎክ ጀርባ አንዲት እናት፣ ከፈረሰው ሰፈር እዚያው የተመለሱ፣ የበር ስፋት በማታክል መሬት ላይ ቄጤማ ያበቅላሉ። የብሎኩ ወጣቶች ሲሚንቶውን ሊያስፈስሱ ተሰብስበው ነበር አሉ። እማማ አልተቆጡም። "ልጆቼ፣ ሲሚንቶው ላይ ማን ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል?" ብቻ አሉ። የሚመልስላቸው ጠፋ። መሬቷ እስካሁን አለች፤ ክርክሩም እስካሁን አላለቀም። መኪና ያለው ጥቂት፣ ደጅ የሚያስፈልገው ግን ሁሉም መሆኑን ቆጥሮ የሚናገር ወጣት ከተገኘ ነው የሚያልቀው።

በተለይ እዚህ ሰፈር! ስሙን ያገኘው ከልደታ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ግንቦት 1 የልደታ ዕለት ጎረቤት ከየቤቱ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅላል፣ ቄጤማ ይጎዘጉዛል። በዓሉ የደጅ በዓል ነው፤ ደጅ ከሌለ የት ይከበራል? አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ?

እንግዲህ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ልጆች አስቡበት። ለሳር ምንጣፍ የምታዋጡትን ብር ያዙትና ሰኔ ላይ ጥቂት የቄጤማ ሥር ፈልጉ። ለመጪው ግንቦት ጉዝጓዙን ከገበያ ሳይሆን ከራሳችሁ ደጅ ታጭዳላችሁ። ቸር ሰንብቱ!